ኦቾሎኒ ከማሳ እስከ ሸማች

ገበሬዎች! ኦቾሎኒ፣ በሌላ ስሙ ለውዝ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ በባቢሌ፣ በጉርሱምና በፈዲስ አካባቢ ገንዘብ የሚያስገኝ ሰብል ነው። ገበሬው ያመርተዋል፤ ከተሜው ቆሎ አድርጎ ይበላዋል። በመካከሉ ግን ብዙ እጅ አለ። ገበሬ ይህን መንገድ ካላወቀ የድካሙን ዋጋ አያገኝም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ገበሬው ነቅሎ፣ አድርቆና ለቅሞ ወደ ገበያ ያወጣል። ሰብሳቢ ነጋዴ ይገዛዋል። ሰብሳቢው ለከተማ ነጋዴ ያስረክባል። ኦቾሎኒው ይፈለፈላል፣ ይለቀማል፣ በጆንያ ይሞላል። ከዚያም በመኪና ተጭኖ ወደ ሐረር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ጅምላ ነጋዴው ለቸርቻሪና ለቆሎ ሻጭ ያከፋፍላል። በመጨረሻ ሸማቹ ይገዛዋል።

እያንዳንዱ እጅ ትርፍ ይይዛል። ወጪም አለበት። የጆንያ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የመኪናና የመጋዘን ኪራይ ሁሉ በዋጋው ላይ ይጨመራል። ስለዚህ «ከእኛ በርካሽ ገዝተው በውድ ይሸጣሉ» ብሎ ማማረር ብቻ አይበቃም። ዋጋችን የት እንደሚቀር እንወቅ።

አንደኛ፣ በሚዛን ላይ ይቀራል። በግምትና በቁና አትሽጡ። በኪሎ አስመዝኑ። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ በደብተርም ጻፉት።

ሁለተኛ፣ በሂሳብ ይቀራል። ከነቅርፊቱ አንድ ኩንታል የሆነ ጥሩ ኦቾሎኒ ሲፈለፈል ከ65 እስከ 70 ኪሎ ያህል ፍሬ ይወጣዋል። ለምሳሌ የፍሬው ዋጋ በኪሎ 100 ብር ነው እንበል። 65 ኪሎ ፍሬ 6,500 ብር ያወጣል። ነጋዴው ለኩንታሉ ከነቅርፊቱ 5,000 ብር ቢሰጣችሁ ልዩነቱ 1,500 ብር ነው። መፈልፈሉ ያን ያህል ያስወጣል ወይ? አስባችሁ ወስኑ።

ሦስተኛ፣ በውኃ ይበላሻል። ቅርፊቱ ቶሎ እንዲለቅ ብለው፣ ወይም ሚዛን እንዲያነሳ ብለው ውኃ የሚረጩ አሉ። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። እርጥብ ኦቾሎኒ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። በ1952 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1960፣ በእንግሊዝ አገር ቱርክ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች ከ100 ሺህ በላይ አለቁ። መርዙ የነበረበት የኦቾሎኒ መኖ በልተው ነው። ይህ መርዝ የሰውን ጉበት ይጎዳል፤ ካንሰርም ያመጣል። መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሚበላውም የሰው ልጅ ነው፤ የእናንተም ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ነቅላችሁ እንዳበቃችሁ በደንብ አድርቁ። መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ወይም በምንጣፍ ላይ አስጡ። ቅርፊቱን ስትነቀንቁት ፍሬው ውስጡ ካንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። የሻገተውን፣ የተሸበሸበውንና የተሰበረውን ለቅማችሁ አውጡ። ለከብትም አትስጡ። ጆንያውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ አየር በሚገባበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።

አራተኛ፣ በጥድፊያና በብቸኝነት ይቀራል። በመኸር ሰሞን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲያወጣ ዋጋ ይወርዳል። አቅም ያለው ደረቁን ጥቂት ወራት ያቆየው። አቅም የሌለውም ቢሆን ለብቻው አይሽጥ። አንድ ኩንታል ይዞ የሚመጣን ገበሬ ነጋዴ ይጫነዋል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ተሰባስበው አንድ መኪና ሙሉ ጭነት የሚያቀርቡትን ግን ራሱ ይፈልጋቸዋል። ዋጋም በወግ ይነጋገራቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ።

ገበሬዎች! ሚዛኑን አንብቡ። ሂሳቡን ጻፉ። ኦቾሎኒውን አድርቁ። በአንድነት ሽጡ። ያን ጊዜ ሸማቹ ጤናማ ምግብ ያገኛል፤ እናንተም የላባችሁን ዋጋ ታገኛላችሁ።