በመስታወቱ ላይ የቀረችው አረፋ

ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡት አባቴ፣ ክሪስታል ሲቲ በሚገኘው መኖሪያዬ መስኮት ዳር ለ8 ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ ተቀመጡልኝ። ፎቶግራፉን ያነሣሁት በእጄ በቀባሁት መስታወት ነበር። ሲታተም ግን በጉንጫቸው ላይ ያልነበረች ጥቁር ነጥብ ታየች። «ማርያም ሳመችኝ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አንዲት የአየር አረፋ አምልጣኛለች።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሊች ማዶክስ እ.ኤ.አ. በ1871 ይፋ ያደረገው ዘዴ ዛሬም በእጅ ይሠራል። የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በሠራበት ዘመን የተቀባውን መስታወት ፋብሪካዎች አዘጋጅተው ይሸጡት ነበር። በቤት ለሚሞክር ሰው ግን ሥራው ከጄላቲን ይጀምራል። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚገኘው ጄላቲን በሞቀ ውኃ ይሟሟል፤ በውስጡ ሲልቨር ናይትሬትና ፖታሲየም ብሮማይድ ሲገናኙ ብርሃን የሚለውጠው ሲልቨር ብሮማይድ ይፈጠራል። ኢመልሽን የሚባለው ይህ ነው። አረፋ በያዘው ቦታ ይህ ጨው ስለማይኖር ኔጌቲቩ ላይ ባዶ ቀዳዳ ይቀራል፤ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

በእንጀራ ላይ የምንጓጓለት «ዓይን» እዚህ ጠላት ነው።

ጄላቲን ፕሮቲን ስለሆነ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋን አቅፎ ያቆያል። ስለዚህ በዝግታ ይማሰላል እንጂ አይመታም። አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ መጠቀም የሟሟውን አየር ይቀንሳል። ጥቂት አልኮልም የፈሳሹን የገጽ ውጥረት ያላላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን መታገሥ ነው፦ አረፋ ወደ ላይ የሚወጣበት ፍጥነት በዲያሜትሩ ካሬ ስለሚወሰን፣ ዲያሜትሯ በግማሽ ያነሰች አረፋ 4 ጊዜ ትዘገያለች። ዓይን የማያያት ናት የምታስቸግረው። ኢመልሽኑን 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማቆየት ፈሳሹን ያቀጥነዋል፤ ከቀዘቀዘ ግን ረግቶ አረፋዋን ይዟት ይቀራል። እኔ የመጀመሪያውን ዕለት 5 ደቂቃ እንኳ አልጠበቅሁም።

ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ከከፍታ ሳይሆን ከመስታወቱ አጠገብ፣ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። ከላይ የቆመው አረፋ በዕቃው ውስጥ እንዲቀር የመጨረሻው አይፈስስም። መስታወቱም ለብ ያለና ቅባት የሌለበት መሆን አለበት። የቀረች አረፋ ካለች፣ በቀይ መብራት ሥር በመርፌ ጫፍ ትነካና ትፈነዳለች። ከዚያ መስታወቱ በቀዝቃዛና ደልዳላ እብነ በረድ ላይ ይረጋል፤ ከረጋ በኋላ ማረም አይቻልም።

አባቴ ሊመለሱ 2 ቀን ሲቀራቸው እንደገና ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ነበር የቀባሁት። ፊታቸው ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ አንዲት ነጥብ ግን በስተግራ፣ መጋረጃው ላይ አለች።