ሽልማት ለደረጃ ወይስ ለመልካም ባህርይ?

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ ተማሪን የመሸለም ልማድ በአብዛኛው ከትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ጋር የተያያዘ ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡ ተማሪዎች በወላጆች ፊት እየተጠሩ ደብተር፣ እስክሪብቶ ወይም መጽሐፍ ይቀበላሉ። ይህ ልማድ የሚያከብረው ውጤትን እንጂ ባህርይን አይደለም። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል፣ ጠባያቸው የቱንም ያህል ቢያምር፣ 57ቱ ስማቸው ሳይጠራ ዓመቱ ያልቃል።

በቢ.ኤፍ. ስኪነር የባህርይ ንድፈ ሐሳብ መሠረት አንድ ድርጊት የሚደጋገመው ማጠናከሪያው ሳይዘገይ ሲከተለው ነው። በሰኔ የሚሰጥ ደብተር በጥቅምት የታየን ትዕግሥት ሊያጠናክር አይችልም።

ማጠናከሪያ የግድ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1969 ባሪሽ፣ ሳውንደርስና ዎልፍ በአሜሪካ በአንድ የ4ኛ ክፍል ላይ ባካሄዱት ጥናት ተማሪዎቹ በሁለት ቡድን ተከፈሉ። ያለፈቃድ የተናገረ ወይም ከመቀመጫው የተነሳ ተማሪ በቡድኑ ላይ ምልክት ያስመዘግባል። ጥቂት ምልክት ያለው ቡድን ያሸንፋል፤ ምልክታቸው ከተወሰነው ቁጥር ካላለፈ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ሽልማቱም ለምሳ ቀድሞ መሰለፍንና ነፃ ጊዜን የመሰለ ነበር። የክፍሉ ረብሻ በጉልህ ቀንሷል።

ይሁን እንጂ ሽልማት ጉዳትም አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጠኑ። ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የሣሉት በኋላ ለመሣል ያላቸው ፍላጎት ቀነሰ፤ ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ልጁ በራሱ ፍላጎት የሚያደርገውን ነገር በዋጋ መተመን አይገባም።

ከዚህ በመነሳት ለብዙ ተማሪ ክፍል የሚስማማው ሽልማት ድርጊቱን ለይቶ የሚጠራ ሙገሳ ነው። «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት» ልጁን ያስደስተዋል፤ ነገር ግን ምን እንደሠራ አይነግረውም። «ጓደኛህ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቅኸው» የሚለው ግን የሚደገመውን ድርጊት ያሳየዋል። በዞኑ በአዊኛ የሚማሩ ሕፃናት ሙገሳውን ማግኘት ያለባቸው በዚያው ቋንቋ ነው፤ ያልገባ ሙገሳ ማጠናከሪያ ሊሆን አይችልምና። የዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ይቅር ማለት አይደለም፤ ነገር ግን መልካም ባህርይ ዕውቅና ለማግኘት እስከ ሰኔ መጠበቅ የለበትም።