ዳሌያቸው የተቀየረላቸውን ስናስታምም

ዛሬ የምነግራችሁ ዳሌያቸው ተቀይሮ ከሆስፒታል ወደ ቤት ስለሚመለሱ ትልልቅ ሰዎች ነው። እኔ ባዲዓ በምሠራበት ቤት ማማ ከቢራ ከተሠሩ ጀምሮ ሌትም ቀንም አጠገባቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ በቀጠሮ ያያቸዋል፣ ልጆቻቸው ማታ ማታ ይጠይቋቸዋል። የምታጥባቸው፣ የምታለብሳቸው፣ ሽንት ቤት የምታደርሳቸው ግን ሠራተኛዋ ናት። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚያየው የእኛ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደ ተሠራ እንወቅ። የጭን አጥንት ጫፉ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ ዳሌ ላይ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ይዞራል። ይህ ሲበላ ወይም ሲሰበር ኳሱ ተቆርጦ በብረት ወይም በሴራሚክ ይተካል፤ ጎድጓዳው ውስጥም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ጥሩ አድርጎ ከሠራው ወዲህ በዓለም ሁሉ የሚሠራ ሕክምና ሆኗል። ከዚህ በኋላ የሚጠበቁት ችግሮች በዋናነት ሦስት ናቸው።

አንደኛው መውለቅ ነው። ዙሪያውን የያዘው ሥጋና ጅማት እስኪጠና ድረስ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ኳሱ ከቦታው ሊወጣ ይችላል። ብዙዎቹን ሐኪሞች እንዲህ ብለው ያስጠነቅቋቸዋል፦ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ አይበል፣ እግር በእግር ላይ አይደረብ፣ የተሠራው እግር ወደ ውስጥ አይዙር። ስለዚህ መሬት ላይ ባለው መጅሊስ አይቀመጡም፤ ከፍ ያለ ወንበር ይቅረብላቸው፣ ሶላታቸውንም እዚያው ተቀምጠው ይስገዱ። የሽንት ቤቱ መቀመጫም ከፍ ይደረግ። በጎናቸው ሲተኙ በጉልበታቸው መካከል ትራስ ይግባ። የወደቀ ነገር እናንተ አንሡላቸው፣ ካልሲም እናንተ አልብሷቸው። ክልክሉ ሐኪሙ በየት በኩል እንደ ቀደደ ይለያያልና፣ ከሆስፒታል ሲወጡ ምን ምን እንደ ተከለከለና እስከ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛው በእግር ውስጥ ደም መርጋት ነው፤ ዓረቦቹ ጀልጣ ይሉታል። ሰው ሲተኛ ደሙ በባት ውስጥ ይዘገያል። የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው ሐኪሙ ክኒን ወይም ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ የሚያዘው። ብዙ ጊዜ እስከ 35 ቀን ይቆያል፤ ሕመሙ ቀለለ ተብሎ አይቋረጥም። መርፌውን እናንተ ውጉ ከተባላችሁ ነርስ በእጇ ሳታሳያችሁ አትጀምሩ፤ የተወጋውም ቦታ አይታሽም። ነቅተው ሳሉ በየሰዓቱ የእግራቸውን መዳፍ አሥር ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። በተፈቀደላቸው መጠን ይራመዱ። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የተሠራው ይቅደም።

ሦስተኛው የቁስል ማመርቀዝ ነው። እጃችሁን ሳትታጠቡ ፋሻውን አትንኩ። ሐኪም ካላዘዘ ማርም ሆነ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አይቀባም። ቁስሉ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ውኃ አይንካው። ስኳር ያለባቸው ከሆኑ ስኳራቸውን መለካት አይዘንጋ።

አሁን በአገራችን ስለለመድነው ልናገር። አጥንት ወለቀ ሲባል ወጌሻ እንጠራለን፤ እግር ሲያብጥ በቅቤ እናሻለን። እዚህ ላይ ሁለቱም አይሆኑም። ያበጠ ባት ቢታሽ የረጋው ደም ሊነሣ ይችላል። የወለቀውንም ብረት መሳብ አጥንትና ነርቭ ይጎዳል፤ የሚመለሰው በሆስፒታል ነው።

ድንገት ኃይለኛ ሕመም ይዟቸው መቆም ካቃታቸው፣ እግሩ ካጠረ ወይም ከዞረ፣ እንዳሉ ተዉአቸው፤ ምግብም ውኃም አትስጡ፣ 997 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ ደም ካሳላቸውም እንዲሁ። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ሰገራቸው ከጠቆረ በዚያው ሰዓት ለቤቱ ሰው ተናገሩ። እግር ሪጅል ነው፣ እብጠት ወረም፣ ትኩሳት ሐራራ፤ ይህች ትበቃለች።

አንዳንዶቻችን «አንቺ ነሽ የጣልሻቸው እንዳይሉኝ» ብለን ዝም እንላለን። በየቀኑ ጠዋት ሁለቱን ባቶች አስተያዩ፣ ትኩሳቱን ለኩ፣ ከነሰዓቱ በደብተር ጻፉ ወይም ለማዳም በስልክ ላኩ። ያያችሁትን በጊዜው መናገራችሁ እሳቸውን ያድናል፤ የተጻፈውም ለእናንተ ምስክር ይሆናል።