ሁለት ክረምት፣ አንድ ወዳጅነት

የአማርኛ ሰላምታ ጊዜን እየለካ የሚሄድ ሰላምታ ነው። ቀኑን ሳናየው የቆየነውን ሰው «እንደምን ዋልህ?» እንለዋለን፤ ሌሊቱ ከለየን «እንደምን አደርህ?» ነው፤ ሰንበት ካለፈ «እንደምን ሰነበትህ?» እንላለን። በጋውን በሙሉ ተለያይተን እንደ ሆነ «እንደምን ባጀህ?» ይባላል። ዝናብ ለይቶን የቆየን እንደ ሆነ ግን ጥያቄው «እንደምን ከረምህ?» ነው። ይህ ቃል ከክረምት የወጣ ነው። እንግዲህ ክረምት ሰውን ከሰው የሚለይ ጊዜ መሆኑን፣ ወዳጅም ወዳጁን ስላሳለፈው ክረምት የመጠየቅ ዕዳ እንዳለበት ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል።

ዛሬ ይህን ጥያቄ ለማቅረብ መስከረም እስኪጠባ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ክፍል አብረው ከተማሩት ጓደኞች አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ጎንደር፣ ሦስተኛው ጅማ፣ አራተኛው ዋሽንግተን፣ አምስተኛው ስቶክሆልም ቢኖሩ እንኳ በእጅ ስልካቸው በየማታው ሊገናኙ ይችላሉ። ነገር ግን መገናኘት ሌላ፣ መጠያየቅ ሌላ ነው። በየቀኑ «ሰላም ነህ?» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን ችግር ሳያውቅ ዓመት የሚያልፋቸው ወዳጆች ብዙዎች ናቸው። ይህ ለምን ይሆናል? መድኃኒቱስ ምንድን ነው?

የአገር ቤት ክረምት

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የዝናቡ መቀነት አብሯት ወደ ሰሜን ይወጣል። ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ በኩል፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ከደጋው ተራራ ጋር ሲጋጠም ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም የተሸከመውን ውሃ ያራግፋል። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ወደ እኩሌታው የሚጠጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህ ግን ለመላው አገር አይደለም፤ በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች ሐምሌ ደረቅ ወር ነው።

በጥንት ዘመን ይህ ዝናብ መንገድ ይዘጋ ነበር። ዓባይና ተከዜ ሲሞሉ ሲራራ ነጋዴው ጉዞውን ያቆማል፤ ዘማቹም በሰፈረበት ይቆያል። መክረም ማለትም ዝናቡ ካገኘህ ቦታ ሆነህ ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ነበር።

አሁን ድልድይ ተሠርቷል፤ አውሮፕላንም አለ። ቢሆንም ለተማሪና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ክረምት ዛሬም የመለያየት ወራት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ወደየወላጆቹ አገር ይበተናል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የቅጥር፣ የዝውውርና የዕድገት ወሬ የሚናፈሰው በዚሁ ሰሞን ነው። አንዱ ደረጃ ያድጋል፤ አንዱ ወደማያውቀው ወረዳ ይዛወራል፤ አንዱም ዲፕሎማውን በላስቲክ ጠቅልሎ ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል።

በዚህ ላይ የዕለት ኑሮው አለ። የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል፤ የቆርቆሮው ጣራ ያፈስና ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ ከሰሉ ይረጥባል፤ መብራት ይጠፋል፤ ያለው አንድ ጫማ በጭቃ ይበላሻል። ደስታውም በዚያው ልክ ነው፤ በመንገድ ዳር የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት አለ፤ በቡሄ ዕለት ሙልሙሉ አለ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ መጽሐፍ ማንበብ አለ። ከዚያም በኋላ አደይ አበባ ትመጣለች።

የሰሜኑ ክረምት

በሰሜን አገር የሚኖረው ጓደኛ ደግሞ ሌላ ክረምት አለው። እኛ በሐምሌ ጃንጥላ ስንይዝ በስቶክሆልም ፀሐዩ እስከ ማታ አይጠልቅም። እኛ በጥር በጠራ ሰማይ ጥምቀትን ስናከብር እርሱ በረዶ ይጠርጋል። በአማርኛ ሁለቱንም «ክረምት» ስለምንላቸው አንድ ይመስሉናል እንጂ የእኛ ክረምት የውሃ፣ የእነርሱ ግን የብርድና የጨለማ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት ላይ ስለ ሆነች ከዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስቶክሆልም ግን በ59ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ከ6 ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚመለስ ሠራተኛ ፀሐይን የሚያያት በመስኮት ነው፤ እርሱም ደመና ካልሸፈናት ነው።

ይህ ነገር በሰው መንፈስ ላይ የሚያደርሰውን ሐኪሞች አጥንተውታል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አጠገብ፣ በሜሪላንድ የሚሠሩት ዶክተር ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቻቸው በ1984 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት አወጡ። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ በየዓመቱ የሚያዝኑ፣ እንቅልፍ የሚበዛባቸው፣ ምግብ አብዝተው የሚመገቡና ሰው የሚሸሹ ሰዎች መኖራቸውን፣ ቀኑ ሲረዝምም እንደሚሻላቸው ገለጹ። ደማቅ ብርሃን ፊት መቀመጥም ለብዙዎቹ እንደሚረዳ ታወቀ። እንግዲህ በታኅሣሥ መልስ መስጠት ያቆመውን ወዳጅ «ውጭ አገር ሄዶ ኮራ» ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ ያለበትን ወር ማሰብ የወዳጅ ተግባር ነው።

ከደብዳቤ እስከ እጅ ስልክ

የሩቅ ወዳጅን መጠየቅ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ ወጣቶች ለሩቅ ወዳጆቻቸው ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት ብዙ ወዳጆች አማርኛቸውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ይገደዱ ነበር፤ ዛሬ ግን «እንደምን ከረምህ» የሚለውን በገዛ ፊደሉ ጽፎ በአንድ አፍታ ባሕር ማሻገር ይቻላል።

እንግዲህ መንገዱ ቀንቷል። የሚጎድለው በመንገዱ ላይ የምንልከው ቃል ነው።

«ደኅና ነኝ» የምትባል ቃል

የድሮ ደብዳቤ ሥርዓት ነበረው። በመጀመሪያ የተቀባዩ ጤንነት ይጠየቃል፤ ቀጥሎ «እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይባላል። ጸሐፊው ታሞ ቢሆን፣ ደመወዙ ቢቋረጥ፣ ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ ቢሆን፣ ይህች ዐረፍተ ነገር አትቀርም። ይህም የመጣው ከመልካም ልብ ነው፤ ሩቅ ላለ ሰው ጭንቀት መጨመር ነውር ስለ ሆነ ነው።

ይህ ልማድ ዛሬ በፎቶግራፍ ተተክቷል። ባሕር ማዶ ያለው ጓደኛ ባማረ ካፖርት በበረዶ መካከል ቆሞ ይነሣል፤ በፋብሪካ ሌሊቱን ሲሠራ ማደሩ፣ የቤት ማሞቂያ ሒሳቡም እንዳሳሰበው በፎቶግራፉ ላይ አይታይም። አገር ቤት ያለውም በሰው ሠርግ ላይ በሱፍ ልብሱ ይነሣል፤ ሱፉ የተዋሰው መሆኑ አይታይም። እንዲህ እያለ ሁለቱም አንዳቸው በሌላቸው ይቀናሉ። አንዱ «እርሱ አልፎለታል» ይላል፤ ሌላው «እርሱ በወገኑ መካከል ነው» ይላል። ሁለቱም ግን ብቻቸውን ናቸው።

አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ለወዳጅነትም እንዲሁ ነው። ችግሩን የማይናገር ሰው የሚረዳው አያገኝም፤ የሚያገኘው አድናቂ ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ይህ ጉዳይ የሚከብደው በገንዘብ ነገር ነው። ውጭ ያለው «ደኅና ነኝ» ብቻ ስለሚል አገር ቤት ያለው ሳይሳቀቅ ብር ይጠይቀዋል፤ እርሱም እንደሌለው መናገር ስለሚያፍር ስልኩን አላነሣም ይላል፤ ወዳጅነቱም ያለ ጠብ ይሞታል። «በዚህ ወር የለኝም፤ የቤት ኪራይ ከብዶኛል» የምትል አንዲት እውነተኛ ቃል ይህን ሁሉ ባዳነች ነበር።

መርዶና ስልክ

ከክፉው ነገር ሁሉ የከፋው የሞት ወሬ ነው። በእኛ ባህል መርዶ እንደ ማንኛውም ወሬ አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ወደ ሰውዬው ቤት ይሄዳል፤ ኀዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ፣ ሲሰማም የሚይዘው ክንድ እንዳያጣ ነው። በባዕድ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ይህን ልማድ ይዘውት ሄደዋል፤ አገር ቤት ያሉት ለጓደኞቹ ይነግራሉ፤ ጓደኞቹም ተጠራርተው ሳይነጋ በሩን ያንኳኳሉ።

ስልክ ግን ይህን ሥርዓት ሊያፈርሰው ይችላል። አንድ ችኩል ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎ የሟቹን ፎቶግራፍ ለሁሉ ያሰራጫል፤ ልጁም የእናቱን ሞት በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ፣ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ያነባል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ምንም እንኳ ከጭካኔ የተነሣ ባይሆንም። ስለዚህ ማንም ወጣት የሞት ወሬ ቢሰማ፣ ለልጆቹና ለወንድም እኅቶቹ መነገሩን ሳያረጋግጥ አንዲት ቃል እንኳ መጻፍ አይገባውም። በስልክ ዘመን ጨዋነት የሚለካው በምንናገረው ብቻ ሳይሆን ዝም በምንልበትም ሰዓት ነው።

ምን ይደረግ?

ነገሩ ብዙ ወጪ የለውም፤ ጥቂት ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄው የተለየ ይሁን። «ሰላም ነው?» ለሚለው መልሱ «ሰላም ነው» ብቻ ነው። «ያ የሚያፈሰው ጣራ ተሠራልህ?» «አዲሱ አለቃ እንዴት ናቸው?» «ዛሬ ፀሐይ አየሽ?» የተባለ ሰው ግን መልስ መስጠት ይጀምራል፤ የሚያስታውሰው ሰው መኖሩን ያውቃልና።

ሁለተኛ፣ ትንሿ ነገር አትናቅ። ስለ ረጠበው ከሰልና ስለ ዘገየው አውቶቡስ ሲጨዋወቱ የኖሩ ወዳጆች፣ ከባድ ነገር በመጣ ጊዜ መንገዱ ክፍት ይሆንላቸዋል። ስለ ትንሹ ያልተነጋገረ ሰው ስለ ትልቁ ለመናገር አፉ አይፈታም። ደስታም እንዲሁ ይነገር፤ የጓደኛውን ችግር ብቻ የሚሰማ ወዳጅ የቆየ እንደ ሆነ ይደክማልና።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ይታወቅ። በሰሜኑ ክረምት ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ስቶክሆልም ደግሞ በ2 ሰዓት። በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ቀትር ነው፤ የምሳ ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ይገኛል። በማለዳ 1 ሰዓት የደወለ ግን ወዳጁን በመኝታው ሰዓት ያገኘዋል፤ ጨዋታውም ያጥራል።

አራተኛ፣ ዝምታ ይታይ። በየቀኑ ይቀልድ የነበረ ሰው ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ የቆየ እንደ ሆነ ለቡድኑ ሳይሆን ለብቻው ይጻፍለት፤ ድምፁን ለመስማትም ይደወልለት። ሐዘኑ የጠና፣ መብልና እንቅልፍ የተዛባበት፣ ይልቁንም መኖር እንደ ሰለቸው የሚናገር ከሆነ በአቅራቢያው ያለ ሰው ተፈልጎ በፍጥነት ወደ ሐኪም እንዲወስደው ማድረግ ይገባል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል መባሉ ለዚህ ነው፤ የሩቁ ወዳጅ ሥራ የቅርቡን ማንቃት ነው።

ወደማያውቀው ወረዳ የተዛወረው ወጣት ጸሐፊ በነሐሴ ማታ፣ መብራት በጠፋበት ክፍሉ ተቀምጦ፣ በስቶክሆልም የሚኖረው ጓደኛው ደግሞ በታኅሣሥ ቀትር፣ ከሰዓት በኋላ የሚጨልመውን ሰማይ እያየ የሚጠብቁት ነገር አንድ ነው፤ የሚጠይቃቸው ሰው። ክረምቱ ለሁለቱም ያልፋል። የሚጠይቅ ወዳጅ ያላቸው እንደ ሆነ ግን ሲያልፍ ብቻቸውን አያገኛቸውም። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ይህን መጽሔት አጥፈህ ከማስቀመጥህ በፊት፣ ድምፁን ከሰማህ ወር ያለፈህ ጓደኛ ማን እንደ ሆነ አስብና ዛሬ ማታ ጻፍለት። የከርሞ ሰው ይበለን።