ቁመት ለሾፌር ዕዳ ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1967 የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈው ቀዩ ፎርድ ጣሪያው ላይ እብጠት ነበረው። ተጋጭቶ እንዳይመስላችሁ! አሜሪካዊው ዳን ገርኒ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነበር። ሄልሜት አጥልቆ ሲገባ ጣሪያው አላስቀምጥ አለው። ባለሙያዎቹ ከራሱ በላይ ያለውን ቦታ ወደ ላይ አሳበጡለትና «የገርኒ ጉብታ» የሚል ስም ወጣለት። ገርኒ ከኤ.ጄ. ፎይት ጋር እየተፈራረቀ ከ5 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ድሉን ወሰደ።

በፎርሙላ አንድም ቁመት ዋጋ አስከፍሏል። ሾፌሩና መኪናው አንድ ላይ ይመዘኑ ስለነበር ረጅምና ከባድ የሆነው ተወዳዳሪ ይጎዳ ነበር። ብዙዎቹ ኪሎ ለመቀነስ ራሳቸውን አስርበዋል። ሕጉ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ሾፌሩ ከነወንበሩና ከነትጥቁ ቢያንስ 80 ኪሎ እንዲሞላ፣ ካልሞላ ደግሞ ማካካሻው ክብደት ወንበሩ አካባቢ እንዲታሰር ተደነገገ። እ.ኤ.አ. በ2025 ልኩ ወደ 82 ኪሎ ከፍ ብሏል።

የፋብሪካውን ወንበር አስነቅሎ የስፖርት ወንበር የሚያስገጥመው ተራ ሾፌር ግን ጣሪያ የሚያሳብጥለትም ሕግ የሚያወጣለትም የለም። ያለው አማራጭ ወደ ታች መውረድ ብቻ ነው።

ደግነቱ የስፖርት ወንበር ለዚህ ይመቻል። የፋብሪካው ወንበር ከሥሩ ማንሻና ማንሸራተቻ፣ ከላዩ ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ አለው። አንድ ወጥ ሆኖ የተሠራው የውድድር ወንበር ግን በጎንና በጎኑ በብረት ተይዞ ወለሉን ሊነካ እስኪቀርብ ድረስ ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ያቺ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለረጅም ሰው ትልቅ ነገር ናት።

ስህተቱ የሚጀምረው ልኬቱ ላይ ነው። ብዙው ሰው ወገቡንና የወንበሩን ስፋት አይቶ ይገዛል። ለረጅም ሰው ዋናው ግን ትከሻ ነው። የቀበቶው ቀዳዳ ከትከሻ በታች ከዋለ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ትከሻን ቁልቁል ይጎትታል፤ ጭነቱ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው በትከሻ ልክ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ለውድድር የሚገባ ሰው ደግሞ ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ቀበቶውን አጥብቆ መለካት ይኖርበታል። ራሱ ከጣሪያውም ሆነ ከውስጥ ከሚደግፈው የብረት ቱቦ በቂ ክፍተት ሊኖረው ይገባል።

«ጀርባውን አስተኝቼ እገላገላለሁ» የሚሉም አሉ። ራስ ከጣሪያ ይርቃል፤ እጅ ግን ከመሪው ይርቃል። መፈተኛው ቀላል ነው። ትከሻ ከወንበሩ ሳይነሳ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ካልደረሰ መሪውን ወደ ሾፌሩ ማቅረብ እንጂ ወደ ፊት እየተንጠራሩ መንዳት አያዋጣም። ፍሪሲዮን ሲረገጥም ጉልበት ከመሪው ጋር መጋጨት የለበትም።

ከሁሉ የከፋው ቦታ ለማግኘት ሲባል የወለሉን ደጋፊ ብረት መቁረጥ ነው። ወንበሩን በግጭት ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው። በፋብሪካው ወንበር ውስጥ የጎን ኤርባግ ካለም ከወንበሩ ጋር አብሮ መሄዱ መዘንጋት የለበትም። ያገለገለ ወንበር የሚገዛም መለያውን ማንበብ አለበት። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን 8855-1999 ደረጃ የተሠራ ወንበር ለውድድር የሚፈቀደው ከተመረተበት ጊዜ ጀምሮ ለ5 ዓመት ነው።

ወንበሩ ሁሉ ተሞክሮ፣ ስፖንጁም ተቀንሶ ራስ ጣሪያውን መንካቱን ካልተወ መኪናው ለሰውየው አልተሠራም ማለት ነው። ያን ጊዜ መቀየር ያለበት መኪናው ነው።