ከሰል ሁሉ ውሃ አያጣራም

የቡና ገለፈት ተከስሎ ውሃ ማጣሪያ ይሆናል ሲባል፣ ብዙ ሰው “እሱማ ምድጃችንም ላይ አለ” ይላል። የለም። የምድጃ ከሰል ደቃቅ ቀዳዳዎቹ በብዛት አልተከፈቱም፤ የተከፈቱትንም ቅሪት ይደፍናቸዋል። ውሃ የሚያጣራውን ከሰል፣ አክቲቬትድ ካርበንን፣ ለመሥራት ገለፈቱ ፎስፈሪክ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ አየር በማይገባበት እቶን ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ይከስላል። በእንፋሎት ሲሠራ ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ያልፋል። በደንብ የተሠራ አንድ ግራም ካርበን የውስጥ ገጹ 1,000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቀለምና ሽታን፣ ብዙ የፀረ ተባይ ኬሚካሎችንም የሚይዘው ይህ ገጽ ነው።

“ከተክል ስለተሠራ ጉዳት የለውም” ማለትም አያስኬድም፤ አሲዱ በደንብ ካልታጠበ ውሃውን የሚበክለው ማጣሪያው ራሱ ነው።

ጀርም ይገድላል? አይገድልም። እንዲያውም ባክቴሪያ ካርበኑ ላይ ይራባል። ካርበኑ ክሎሪንንም ስለሚያጠፋ ውሃው መጀመሪያ ይጣራል፣ ክሎሪን የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ትልቁ ስህተት ግን ፍሎራይድ ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ፍሎራይድ አለው፤ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና። ተራው ካርበንም እምብዛም አይይዘውም። “የተሻሻለ” ካርበን የሚባለው እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፦ ገጹ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሲለበስ ፍሎራይድ የሚጣበቅበት ቦታ ያገኛል። “የአጥንት ከሰልስ ፍሎራይድ ይቀንስ የለ?” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው በአመዛኙ አጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ፎስፌት እንጂ ካርበኑ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለ ማጣሪያ የሚፈተንበት ውሃ ነው። ፍሎራይድ ብቻ በተጨመረበት ንጹህ ውሃ ጥሩ ውጤት ማግኘት ቀላል ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ እሱም ከፍሎራይድ ጋር ቦታ ይሻማል። በእውነተኛ የጉድጓድ ውሃ ያልተፈተነ ማጣሪያ ለእኔ ገና ማጣሪያ አይደለም።

ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ካርበኑ መጥገቡን ዓይን አያይም፤ የሚወጣውን ውሃ መለካት ነው። የጠገበውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ፍሎራይዱን አያስለቅቀውም። በኬሚካል ታጥቦ ቢለቅ እንኳ እጣቢው ራሱ በፍሎራይድ የተሞላ ነው፤ ማጣሪያ ከመተከሉ በፊት የት እንደሚደፋ መታወቅ አለበት።