የባሕር ዳር ከተማ አየርና ወራቱ

ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በጣና ሐይቅ ደቡብ ጫፍ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ ነው። ከውቅያኖስ ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ስለዚህ አየሯ ወይና ደጋ ነው፤ እንደ ቆላ አያቃጥልም፣ እንደ ደጋም አያንቀጠቅጥም።

በከተማዋና በዙሪያዋ የሚኖር ሰው ኑሮው ከአየሩ ጋር የተያያዘ ነው። ገበሬው ለመዝራት፣ ታንኳ ቀዛፊው ለመሻገር፣ እናት ልጇን ከወባ ለመጠበቅ ወራቱን ማወቅ አለባቸው። ወር የሳተ ገበሬ ዘሩን ያጣል። ሰዓት የሳተ ቀዛፊ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ታዲያ የአየሩን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ማወቅ ይጠቅማል። እስቲ አብረን እንመርምረው።

ወራቱ እንዴት ይፈራረቃሉ?

በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ፀሐይ አለ፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል። ለምን? ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ ያልለበሰ ሰው ሌሊት እንደሚበርደው ሁሉ፣ ደመና ያልሸፈናት ምድርም ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ቶሎ ትለቀዋለች። የሌሊቱ ሙቀት በመለኪያ ሲታይ እስከ 8 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የጤነኛ ሰው ገላ ሙቀት 37 ዲግሪ ነው። ውሃ በረዶ የሚሆነው ደግሞ በ0 ዲግሪ ነው። ብርዱን ከዚህ ማመዛዘን ይቻላል።

ከየካቲት ጀምሮ ሙቀቱ ይጨምራል። ከዓመቱ ሁሉ የሚሞቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው። ያኔ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በሚያዝያና በግንቦት አንዳንዴ ዝናብ ጠብ ይላል። ይህ ዝናብ አታላይ ነው። አንድ ቀን ዘንቦ ለብዙ ቀን ይጠፋል።

ከሰኔ ጀምሮ ክረምቱ ይገባል። ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ደመናው ፀሐይን ስለሚከልላት ቀኑ ቀዝቀዝ ይላል። ዝናቡ በመስከረም እየቀነሰ ሄዶ በጥቅምት ያባራል። ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ነው።

የክረምቱ ዝናብ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ዝናቡ ከጣና የሚነሣ ይመስለዋል። እስቲ እናስብ። ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው። ዝናቡ ከሐይቁ ብቻ የሚነሣ ቢሆን ኖሮ በጥርም በዘነበ ነበር እኮ! ግን በጥር አይዘንብም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ዓለምን የሚዞር የደመናና የዝናብ ቀበቶ አለ። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል ቀበቶውም ተከትሏት ወደ ሰሜን ይመጣል። በክረምት አገራችን ላይ ይደርሳል። ነፋሱም ከአትላንቲክና ከህንድ ውቅያኖስ የተነሣውን እርጥበት ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣል። እርጥብ አየር ከተራራችን ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያም ዝናብ ሆኖ ይወርዳል።

ዝናብን እንዴት እንለካለን?

ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ዛፍና ቤት በማይጋርደው ሜዳ ላይ ይቀመጣል። በየጠዋቱ የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ ይለካል። ውሃው 1 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ርዝመቱም ወርዱም 1 ሜትር በሆነ መሬት ላይ 1 ሊትር ውሃ ወርዷል ማለት ነው። በባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል። ይህ ውሃ ባይፈስ፣ ባይሰርግና ባይተን ኖሮ ዓመቱ ሲያልቅ ቁሞ ለሚጠብቅ ሰው ደረቱ ድረስ በደረሰ ነበር።

ይህ ለገበሬው ምን ይጠቅማል? በግንቦት አንድ ዝናብ አይቶ በቆሎ የዘራ ሰው ዘሩ በቅሎ ሊደርቅበት ይችላል። ከመዝራት በፊት መሬቱን ቆፈር አድርጎ ርጥበቱ ምን ያህል እንደ ዘለቀ ማየት ይሻላል። ላዩ ብቻ ርሶ ታቹ ደረቅ ከሆነ መታገስ ነው። በሬዲዮ የሚነገረውን የአየር ትንበያ መስማትና የግብርና ባለሙያ መጠየቅም ይረዳል።

ውሃና መሬት እኩል አይሞቁም

ሐይቁ የራሱ ሥራም አለው። አንድ ቀላል ሙከራ እንሥራ። አንድ እንስራ ሙሉ ውሃና አንድ ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናስቀምጥ። እኩለ ቀን ላይ ብንዳስሳቸው ድንጋዩ ያቃጥላል፤ ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት ብንዳስሳቸው ድንጋዩ በርዷል፤ ውሃው ግን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አልለቀቀም። መሬትና ሐይቅም እንዲሁ ናቸው።

ቀን መሬቱ ቶሎ ይሞቃል። በላዩ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛ አየር መጥቶ ቦታውን ይይዛል። ከሰዓት በኋላ ከጣና ወደ ከተማዋ የሚነፍሰው ነፋስ ይህ ነው። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሄዳል።

በክረምት ይህ የሌሊት ነፋስ በሐይቁ ላይ ካለው ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ጋር ይገናኛል። እርጥቡ አየር ወደ ላይ ተገፍቶ ደመና ይሆናል። በተራራማው አገር ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሲጥል፣ በጣና ዳር ግን ብዙ ጊዜ ሌሊት የሚጥለው ስለዚህ ነው።

ቀዛፊም ይህን ይወቅ። ጣና ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ነፋስ ማዕበሉን ቶሎ ያስነሣል፤ ማዕበሉም የተጠጋጋ ነው። የደንገል ታንኳ ይህን አይችልም። መሻገር ያለበት ሰው ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ይነሣ። ጥቁር ደመና ካየ ዳር ዳሩን ይያዝ።

ሐይቁ የሚሞላው መቼ ነው?

ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ሆኖ ሳለ ሐይቁ ከፍ የሚለው በመስከረም ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከየአገሩ ውሃ ሰብስበው እስኪያደርሱ ጊዜ ይፈጃል። የሚገቡት ወንዞች ብዙ ናቸው፤ የሚወጣው ግን አባይ ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በሐይቁ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ ነበር። ስለዚህ ዝናቡ ቀነሰ ብሎ መዘናጋት አይገባም። በሜዳው የሚኖር ሰው እህሉንና ከብቱን ወደ ከፍታ የሚያወጣበትን መንገድ ቀደም ብሎ ያስብ።

ዝናቡ ሲያባራ ወባ ይነሣል

ከመስከረም እስከ ኅዳር አገሩ ያምራል፤ አደይ ይፈነዳል፤ እሸት ይደርሳል። ወባ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው። በከባዱ ዝናብ ጊዜ ጎርፉ የትንኟን እጭ ጠራርጎ ይወስደዋል። ዝናቡ ሲያባራ ግን ውሃው በየጉድጓዱ ይተኛል። ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው በተኛ ውሃ ላይ ነው።

ሽማግሌዎች «ወባ የሚያመጣው የበቆሎ እሸት ነው» ሲሉ ሰምተናል። እሸት በመብላት ወባ አይዝም። ሆኖም አባቶች ያዩት ነገር አለ። በቆሎ ሲያብብ ብናኙ በኩሬ ላይ ይረግፋል፤ እጩም ያንን እየበላ ይፋፋል። ጥፋቱ ያለው ከማሳው አጠገብ ያለው ኩሬ ላይ ነው እንጂ እሸቱ ላይ አይደለም።

እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ ጎረቤት ተሰብስቦ በየሳምንቱ አንድ ቀን ጉድጓዱን ቢደፍን፣ የተኛውን ውሃ ቢያፋስስ፣ እጩ ክንፍ ሳያወጣ ያልቃል። ማታ ሁሉም አጎበር ውስጥ ይተኛ። ያተኮሰው ሰው፣ በተለይ ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ ቀን ሳይሞላው ወደ ጤና ኬላ ይሂድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጥር ሌሊት የሚበርደው ለምንድን ነው?
2. ከሰዓት በኋላ ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ለምንድን ነው?
3. ሐይቁ በሐምሌ ሳይሆን በመስከረም የሚሞላው ለምንድን ነው?
4. በመንደራችሁ ውሃ የሚተኛባቸውን ቦታዎች ቁጠሩ። መጀመሪያ የሚደፈነው የቱ ነው? በየትኛው ቀን ትሠራላችሁ?